ሁለት ጉልበት፣ አንድ ፌስታል

አማርኛ እግር መሃል ላይ ለምትታጠፈው መገጣጠሚያም ለሰው አቅምም ያለው ቃል አንድ ነው። የቀን ሠራተኛ ጉልበቱን ይሸጣል፤ ደካማ የሚገፋ ሰው ጉልበተኛ ይባላል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ "ጉልበትሽን ያጽናው" ይላል። ስለዚህ ከመካነ ሰላም ተደውሎ "ጉልበቴ እኮ ከዳኝ" ከተባላችሁ፣ የቱ ጉልበት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። የአክስቴ ሁለቱም ነበር።

አክስቴ ስድሳዎቹን ጀምራለች። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ ደጋው ላይ ነው። ማሽላ የምታበቅልበት መሬት ግን ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት፣ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ታች ነው። ምዕራብ ደቡብ ወሎን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ቦረና፣ ወግዲ፣ ሳይንት ላይ ሜዳ ማለት በሁለት ገደል መሃል ያለ እረፍት ነው። ጠዋት ጋቢ ተከናንባችሁ ከወጣችሁበት ቀዬ፣ እኩለ ቀን ላይ ልብሳችሁ በላብ ጀርባችሁ ላይ የሚጣበቅበት ቆላ ትደርሳላችሁ።

"ዳገቱስ ይሁን፤ ቁልቁለቱ ነው የሚገድለኝ" አለችኝ። "ከጅዳ የመጣችው የጎረቤት ልጅ ለእናቷ የጉልበት ማሰሪያ አምጥታላቸው ይኸው እንደ ፍየል እየዘለሉ ነው። እንደሱ ያለ ግዢልኝ። ለልጁም ጨምሪበት። አንድ ዓይነት ይሁን፣ እንዳንቀያየም።"

ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚያርሰው እሱ ነው። ኳስ ሲጫወት እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ገላው ዞረ። "ቋ ሲል ሰማሁት" ይላል። ማታውን ጉልበቱ እንደ ቅል አበጠ። ወጌሻ አሸው፣ እብጠቱ ወረደ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደህና ይራመዳል። ዞር ሲል ግን እግሩ ከሥሩ ይሸሻል። ተዳፋት ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ደግሞ ዞሮ መመለስ ነው፤ ትልሙ ባለቀ ቁጥር ዞሮ መመለስ። ያ መሬት ለሚቀጥለው ዘር በራሳቸው እጅ ይታረሳል ወይስ ለእኩል ይሰጣል የሚለው ጉዳይ በእነዚህ ሁለት የታመሙ ጉልበቶች ላይ ተንጠልጥሏል። አክስቴ ለእኩል የተሰጠ መሬት በሰው እጅ ሲለመድ አይታለች፤ የምትፈራው እሱን ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ካርቶኖቹ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ይሮጣሉ፤ ቁምጣ የለበሱ፣ ጥርሳቸው የነጣ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉ።

"ለየትኛው ስፖርት ነው?" አለኝ ሻጩ።

"ለማሽላ ጥበቃ።"

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ማሽላ ሲያፈራ ከወፍና ከዝንጀሮ መጠበቅ አለበት፤ ያንን ቁልቁለት ወርዶ ማማ ላይ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። "ንቁ ኑሮ ላላቸው" እያሉ የሚሸጡት ዕቃ ከአክስቴ በላይ ለማን ሊሆን ነው?

ቁልቁለቱ የሚገድላት በከንቱ አይደለም። ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻ ይገፋል፤ ስንወርድ ደግሞ ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ የጉልበቱን ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር አጥብቆ ይጫነዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ሬይሊ እና ማርተንስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ስሌት፣ ሜዳ ላይ ስንራመድ ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችንን ክብደት ግማሽ ያህል ነው። ደረጃ ላይ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ቁጢጥ ብሎ መነሳት ላይ ሰባት እጥፍ ተኩል ገደማ። አክስቴ 55 ኪሎ ብትሆን፣ በደረጃው ስሌት በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኩንታል ተኩል አልፎ ይጫናታል ማለት ነው። ገደሉ ደግሞ እንደ ደረጃ እኩል እኩል ተደርጎ አልተጠረበም።

ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሁለቱም እንዲታዩ ለምኜ ነበር። "ማሰሪያ ለመግዛት ሐኪም?" ብላ ተቆጣች፤ ቢሆንም ሄዱ። የእሷ ሎሚው ሥር ያለው ልም አጥንት ሳስቷል፤ ራሷ "ቁርጥማት" የምትለው ነው። ጅማቷ ግን ጽኑ ነው፤ መገጣጠሚያው ወዲያ ወዲህ አይልም። ልጁን ሐኪሙ አስተኝቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ቅልጥሙን ወደ ፊት ሳብ አደረገው። እንደ መሳቢያ ተንሸራተተ። የፊተኛው ጅማት ተበጥሶ ይሆናል፣ በኤምአርአይ መረጋገጥ አለበት ተባለ።

አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ዓይነት ማሰሪያ የማይሆንላቸው ሁለት ጉልበቶች።

ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ ስለተሰቀለ አንድ ይመስላል እንጂ ሥራው ለየቅል ነው። እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ላስቲክ ጉልበቱን ያሞቃል፣ ጠበቅ ያደርጋል፣ እግራችን የት እንዳለ ለአእምሯችን ያስታውሰዋል። የተበጠሰ ጅማት አይተካም። መሃሉ ክብ ቀዳዳ ያለው ሎሚው እንዳይጨፈለቅ ነው። ከሎሚው በታች የምትታሰረዋ ቀጭን ቀበቶ ዝላይ ለሚያበዙ፣ እዚያ ያለው ጅማት ለሚያማቸው ናት። ግራና ቀኙ ብረትና ማጠፊያ ያለው ጉልበቱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዛል። አንድ ወገኑ ብቻ ለተበላ መገጣጠሚያ ደግሞ ጫናውን ወደ ደህናው ወገን የሚገፋ ዓይነት አለ፤ እሱ በልክ መሠራት አለበት፤ ከመደርደሪያ አንስቶ መሄድ አያዋጣም። ደሴ ላይ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ስላለ ከዚያ አካባቢ ያለ ሰው መጀመሪያ እዚያ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለአክስቴ ብረት ያለው ገና ከሩቁ ወደቀ። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ምድጃ ሥር ታጎነብሳለች፣ ትሰግዳለች። የፋብሪካ ሰው ጉልበት ሲያስብ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚታየው። የእኛ አገር ጉልበት ግን መሬት ይነካል። የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን የዋለ ሰው፣ በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ የሚወርድ ሰው ያውቀዋል። ማሰሪያ ከሎሚው ኋላ ሲታጠፍ ይሰበሰባል፣ ቆዳ ይቆነጥጣል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያኗም ትፈቅዳለች፣ እስልምናም ተቀምጦ መስገድን ይፈቅዳል። ይህንን ስነግራት ግን "ፈቃዱንስ አላጣሁትም፤ እኔ መስገድ ነው የፈለግሁ" አለችኝ። ስለዚህ ከኋላው ስስ የሆነ፣ ከፊቱ ቀዳዳ ያለው፣ ስትሰግድ ቶሎ የሚወልቅ ፈለግሁ።

ከዚያ የጨርቁ ጉዳይ መጣ። ኒዮፕሪን የሚሉት እንደ ዋናተኛ ልብስ ወፍራም የሆነው ደጋ ላይ ጠዋት ሲለብሱት ደስ ይላል፤ ሙቀት ይይዛል። ቆላ ሲደርሱ ያው ሙቀት ላብ ይሆናል፣ ላቡ ሽፍታ ይሆናል። ለአንድ ቀን ሁለት የአየር ንብረት ለሚያቋርጥ ሰው አየር የሚያስገባው ሹራብ መሳዩ ይሻላል። ተለጣፊ ማሰሪያ ያለውንም ተውኩት። ያንን ቁልቁለት በመስከረም የወረደ ሰው ጭጎጎት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ተለጣፊው ጨርቅ በአንድ ቀን በጭጎጎትና በገለባ ተሞልቶ መያዙን ይተዋል። (ተለጣፊውን የፈለሰፈው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል ሐሳቡን ያገኘው በ1941 እ.ኤ.አ. ከውሻው ጋር ሲንሸራሸር ልብሱና ውሻው ላይ ከተጣበቀ ጭጎጎት መሰል ነገር ነው። ጭጎጎት የራሱን ልጅ ሲያበላሽ ማየት ነው እንግዲህ።)

ልኬቱ በስልክ ነበር። ቤት ውስጥ ሜትር የለም። ክር ጠመዝምዛ ቆማ ሎሚዋ ላይ ዞረችበት፣ ቋጠረችው፤ ከሎሚው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ጭኗን፣ ዝቅ ብላ ባቷን ለካች። ክሮቹን ልብስ ሰፊው ጋ ወስዳ በሜትሩ አስነበበችና ቁጥሩን ላከችልኝ። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ያለው የልክ ሠንጠረዥ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ኤስ፣ ኤም፣ ኤል የሚሉት ፊደላት ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስለሚለያዩ በፊደል መግዛት ቁማር ነው። ሲጠልቅ ጠበቅ ማለት አለበት፤ እግር ከደነዘዘ፣ ባት ካበጠ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ግን ወዲያው ይወልቃል።

አሁን የማይወደደውን ላውራ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያለው የመገጣጠሚያ መሳሳት ማሰሪያን በዘልማድ ለሁሉም አትስጡ ይላል፤ ዋናው ሕክምና እንቅስቃሴ ነው። ፍሬን የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው ብዬ የለ? እሱ ከበረታ ሎሚው ያርፋል። ሐኪሙ የነገራት ልምምድ ከበርጩማ ከፍ ካለ መደብ ላይ እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ከዚያ ጋደም ብሎ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት ነው። "ስሠራ ውዬ ደግሞ ሥራ?" አለች። ልክ ናት፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ስፖርት ሥራ ሲባል ይስቃል። እኔም ማሰሪያውን የላክሁት ከዚህ ጋር በስምምነት ነው፦ ቡና ሲፈላ፣ በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ስኒ መሃል ትነሳለች ትቀመጣለች። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ስለት መስሏቸው ነበር አሉ።

ሌላው መድኃኒት ደግሞ ቤቷ ጥግ ቆሞ ነበር። ዱላ። አንዱ ጉልበት ብቻ ለሚያመው ሰው ዱላ የሚያዘው ከታመመው እግር ተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በታመመው ወገን ይይዘዋል። ለቁልቁለት ደግሞ ሁለት ዱላ ከአንድ ይሻላል፤ ፈረንጅ ተራራ ወጪዎች በውድ ዋጋ የሚገዙት ያንኑ ነው። ደንቆሮ ጫካን፣ የዛሬውን ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክን ሊያዩ የሚመጡ ጎብኚዎች ሁለት ብረት እየተከሉ ሲሄዱ ስቀን ነበር ያለፍናቸው። አክስቴ አሁን በሁለት ትወርዳለች፣ እርምጃዋን አሳጥራ፣ ገደሉን ቀጥ ብላ ሳይሆን ሰያፍ እየቆረጠች። ጭነቱ ለአህያዋ ነው።

የልጁ ነገር ከበደ። እሱ የፈለገው ማሰሪያውን ለብሶ እሑድ ወደ ሜዳ፣ ሰኞ ወደ ሞፈሩ መመለስ ነው። "ኃይሌም ጉልበቱ ታሞ ተመልሷል" አለኝ። እውነት ነው። ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ፣ እዚያው ጋዜጠኞች ፊት ሩጫ አቆምኩ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። ግን የኃይሌ ጉልበት ፈሳሽ ቋጥሮ፣ ጅማቱ ተቆጥቶ ነበር እንጂ አልተበጠሰም። የተቆጣ ጅማት ይበርዳል። የተበጠሰው የፊተኛ ጅማት እግር በዞረ ቁጥር ቅልጥሙን ለብቻው ይለቀዋል፤ በተንሸራተተ ቁጥር ደግሞ በመሃል ያለው ሜኒስከስ የሚባለው ትራስ ይቀደዳል። ብረት ያለው ማሰሪያ ልጁን ገበያ ደርሶ ለመምጣት ይረዳዋል። ተዳፋት ላይ ከበሬ ጋር እንዲዞር ዋስ አይሆነውም፤ ዋስ የሆነው እየመሰለው ቢገባበት ነው የምፈራው።

ወጌሻውንም ልወቅሰው አልፈልግም። የኳስ ቡድኖቻችን እንኳ ሐኪማቸውን "ወጌሻ" ነው የሚሉት፤ ስሙ ክብር አለው። ቢሆንም ድምፅ ሰጥቶ በሰዓታት ውስጥ ያበጠ ጉልበት፣ ተቆልፎ አልዘረጋም ያለ፣ ወይም ቀልቶና ግሎ ከትኩሳት ጋር የመጣ ጉልበት መታሸትም መታሰርም የለበትም። መታየት ነው ያለበት።

ፌስታሉ ውስጥ ሁለት የማይመሳሰሉ ዕቃዎች ከትቼ ለመኪና ሰው ሰጠሁ፤ መንገዱ ተዘግቶ ሲከፈት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። የልጁ ከእሷ ብዙ እጥፍ ውድ ስለሆነ ቅያሜው አልቀረልኝም። ለልጁ ሌላም ነገር ልኬለት ነበር፦ ለኤምአርአይ የሚሆን ገንዘብ። ተነሳ፤ ተበጥሷል። ቀዶ ሕክምናው ይሠራ አይሠራ ገና እየተመከረበት ነው፤ ቢሠራ ወደ ኳስ ለመመለስ ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። እስከዚያ የጭን ጡንቻውን እያጠነከረ ነው፣ ከእናቱ ጋር በቡናው ሰዓት።

መሬቱ ለእኩል አልተሰጠም። የቆላ ዘመዶች በወንፈል አረሱት፤ ልጁ ተቀምጦ በሚሠራ ሥራ፣ ሞፈርና ቀንበር በመጥረብ፣ ቀኑን እየቆጠረ ይመልስላቸዋል። አክስቴ ማማው ላይ ወጥታ ስትጠብቅ ኔትወርክ ይይዝላታል። ባለፈው ከዚያ ሆና ደወለች። ዝንጀሮ እያባረረች ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ሦስት ሴቶች ክር ቋጥረው ልኬታቸውን ይዘው እየጠበቁ መሆኑን ነው። "መጀመሪያ ይታዩ ብዬሻቸዋለሁ" አለችኝ፣ "አንቺ እንዳልሽው። ተቆጥተውኛል።"