የመኖ ማጨጃዋ

አገሬ ሙጃ፣ ግዳን ወረዳ ውስጥ፣ ሣርም ሆነ ገብስ የሚታጨደው በእጅ ነው። ግዳን ደጋ አገር ነው፤ ማሳው ጠባብ፣ ተዳፋትና ድንጋያማ ስለሆነ ትራክተር ዞሮ የሚመለስበት ቦታ የለውም። ገብሱ በበልግም በመኸርም ስለሚዘራ ማጭድ ብዙ አያርፍም። ቀጥቃጩ ስለቱ ላይ ጥርስ ያወጣለታል። ጥርሱ ሲያልቅ ማጭዱ መቁረጡን ትቶ መንቀል ይጀምራል፤ ገብሱ ከነሥሩ ከነአፈሩ ይመጣል። ያኔ ወደ ቀጥቃጩ መሄድ ነው። ስለ ስለት የማውቀው ይህንኑ ነበር።

የመኖ ማጨጃዋን ያየኋት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ የወተት ከብት እርባታ ስቀጠር ነው። የሚጎትታት ቤላሩስ ነበር፤ ያው በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ትራክተር። ከጀርባው የሚወጣው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ እየዞረ ኃይል ይሰጣታል፤ እሷም በቆሎውን ከነአገዳው አጭዳ፣ ከትፋ፣ በረጅሙ አንገቷ ተሳቢው ላይ ትተፋዋለች። ክትፉ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ አየር እንዳይገባው ሲሸፈን ለበጋ ሳይሌጅ ይሆናል።

መካኒኩን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ቢላዎቹ የተገጠሙበትን ከበሮ ከፍቶ አሳየኝ። ከፊቱ የማይንቀሳቀስ ወፍራም ብረት አለ።

«አገርህ ስታጭድ ግራ እጅህ ምን ይሠራል?»

«ሣሩን ይይዛል፣ ጋሼ።»

«በቃ፣ ይኼ ብረት ግራ እጇ ነው። እሱ ከራቀ ቢላው ምላጭ ቢሆን እንኳ ትቦጭቃለች እንጂ አትቆርጥም።»

ሞተር ሳይጠፋ፣ ቁልፍ ሳይነቀል እጅ ማስገባት የለም። ከበሮው ከባድ ስለሆነ ኃይል ከተቋረጠም በኋላ መዞሩን ይቀጥላል፤ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። በዚህ ላይ ጋሼ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ ቢላዎቹ ይሳላሉ። በተሳሉ ቁጥር ስለሚበሉ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ዳዶው ላላ ተደርጎ ብረቱ ይጠጋል። ከዚያ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በግራ ጠርዝ፣ በመሃል፣ በቀኝ ጠርዝ እየተያዘ ከበሮው በዝግታ ይዞራል። ወረቀቱ አንደኛው ጋ ተቆርጦ ሌላው ጋ ከታጠፈ ብረቱ ዘሟል ማለት ነው፤ እንደገና። ያልተስተካከለች ዕለት ትራክተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍጣው ያልቃል፣ ላሞቹም ረጅሙን አገዳ እየለዩ ይተዉታል። የኩሽኔታዎቹ ግራሶ የየጠዋት ሥራ ነበር፤ እኔ በበኩሌ ከዚያ የበለጠ አሰልቺ ሥራ አላውቅም።

ደስ የምትለኝ ግን አንዲት ትንሽ ቡሎን ነበረች። ድንጋይ ወይም ብረት ከበቆሎው ጋር ሲገባ ቀድማ የምትሰበረው እሷ ናት፤ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት ነው የምትሠራው። አንድ ጊዜ በላይ በላዩ ስትሰበርብን ሾፌሩ ተናዶ ጠንካራ ቡሎን ከሱቅ ይዞ መጣ። ጋሼ ተቀብሎ አገላብጦ አየና ከአጥሩ ማዶ ወረወረው። «ይኼ አይሰበርም፤ የሚሰበረው ከበሮው ነው!» አለና ከካፖርቱ ኪስ ከሚንሿሹት አንዷን አውጥቶ አስገጠመን።