ጭላሎን ሄደን እንየው

አርሲን የምናውቀው በእርሻው ነው። በስንዴው፣ በገብሱ፣ በከብቱ እናውቀዋለን። አገር ግን የሚታረስ ብቻ አይደለም፤ የሚታይም ነው። እናንተ የአርቦዬና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ለጉዳይ አሰላ ስትሄዱ አንድ ቀን ጨምሩና ጭላሎን እዩ።

አሰላ የተቆረቆረችው በጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። የጭላሎ ከፍታ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከግርጌው ስንነሣ ማሳ እናገኛለን። ከፍ ስንል ጥድና ኮሶ ይመጣል። ከዚያ በላይ አስታ ነው። ከአስታው በላይ ብርዱ ስለሚበረታ ትልልቅ ዛፍ አይበቅልም። እዚያ ግን ጅባራ ቆሞ ይታያል። ሲያብብ ከሰው ቁመት በጣም ይበልጣል።

በአርሲ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘን አለ። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የውጭ አገር ሊቃውንት ግን ያወቁት በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሳይንስ ስሙ ውስጥ የገባውም የእንግሊዛዊው አዳኝ የባክስተን ስም ነው። እሱ ከሩቅ መጥቶ አየው፤ እኛ ቅርብ ሆነን ስንቶቻችን አይተነዋል?

ቀይ ቀበሮም አለ። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ይባላል። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ስለዚህ ብናየው በድንጋይ አናባረው።

አርሲ ባሕር የለውም፤ የሐይቅ ዳር ግን አለው። ከአዲስ አበባ ሰው እየመጣ በላንጋኖ ሐይቅ ዳር በአሸዋው ላይ ይዝናናል፤ ይዋኛል። ውሃው ከየት መጣ? ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች ናቸው ያመጡት። የቀታር ወንዝም ከተራሮቹ ተነሥቶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የቀለጣ ወንዝ ደግሞ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል።

እንግዲህ ነገሩ ተያያዥ ነው። አስታውና ሣሩ ጉሙንና ዝናቡን ይይዛል። አፈሩ ውሃውን ይመጥና ቀስ በቀስ ለምንጩ ይሰጣል። አስታው ለማገዶ ካለቀ፣ ዳገቱም እስከ ላይ ከታረሰ፣ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በክረምት ጎርፍ ይሆናል፤ በበጋ ምንጩ ይነጥፋል። አጋዘኑም መሸሸጊያ ያጣል። የዚህ ጉዳት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቆላ ያለውም ሰው ይጠማል። ለዚህ ነው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተብለው የተከለሉት።

ለመሄድ የሚመቸው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰው አስከትሉ። ልጆችንም ውሰዱ። የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚነሣ በዓይናቸው ይዩት።

ጥያቄዎች
1. የደጋ አጋዘን የሚገኘው በየት አገር ነው?
2. የቀታር ወንዝ የሚገባው የት ነው?
3. በሰፈራችሁ ያለው ምንጭ በበጋ ይነጥፋል? ከላይ ያለው መሬት ምን ይመስላል?