ወዴት ሲያዘነብል ነው የሚይዘው?

ጨርሶ የተበላሸ ዕቃ አያታልልም። መብራት ሄደ ማለት ሄደ ማለት ነው፤ ሻማ ይበራል፣ ወይም ይተኛል። የሚያስቸግረው አንዳንዴ የሚሠራው ነው። ላፕቶፔ 3 ወር ያህል እንዲያ አደረገኝ። ቻርጀሩን ስሰካው ይይዛል፤ እጄን ከገመዱ ላይ ሳነሳ ይለቃል። ስክሪኑ ቦግ እልም ይላል። ባትሪው ደግሞ አርጅቷል፤ ያለ ቻርጀር ቢበዛ 35 ደቂቃ ነው የሚያቆየኝ።

የምኖረው በትርጉም ሥራ ነው። የሚከፈለኝ በገጽ ተቆጥሮ ነው፤ ማስረከቢያው ቀን ካለፈ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ከዕቃው ጋር መስማማት ነበረብኝ። ገመዱን ወደ ግራ አዘነበልኩት፣ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አስገባሁ፣ ካርቶኑ እንዳይንሸራተት መዝገበ ቃላት ጫንኩበት። ቤተሰቡም ለመደው። ልጄ በጠረጴዛው አጠገብ የምታልፈው በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ነው። ባለቤቴ ቡና ስታመጣልኝ ስኒውን ከማስቀመጧ በፊት «ነካሁት እንዴ?» ትላለች።

«ለምን አዲስ አትገዛም?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። የእኔ ገጽ የሚቆጠረው በብር ነው። ጥያቄው «ምን ልግዛ?» መሆኑ ቀረና «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» ሆነ።

መጀመሪያ የወሰድኩት መገናኛ ነው። ግንኙነቱ ለተቋረጠ ዕቃ ከዚህ የተሻለ የሰፈር ስም የት ይገኛል? ሠራተኛው ሰካው፤ ወዲያው ያዘ። ነቅሎ ሰካው፤ አሁንም ያዘ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኔ ላፕቶፕ በሽታውን የሚደብቀው ደግሞ ሐኪም ፊት ብቻ ነው። ሰውየው ሳይከፍተው «ቦርዱ ሄዷል» አለኝ። የጠራው ዋጋ የአንድ ወር ተኩል የቤት ኪራዬን ያህላል። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

እቤት ገብቼ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ወገኖቹን ለየብቻ መጠየቅ ጀመርኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው። በመጀመሪያ ዲቫይደሩን አስወጥቼ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ የአዳፕተሩን ትንሽ አረንጓዴ መብራት ጠበቅኩት። ላፕቶፑ ሲለቅ መብራቱ አይጠፋም። ስለዚህ ከግድግዳው እስከ አዳፕተሩ ያለው መንገድ ደህና ነው ማለት ነው።

ከአዳፕተሩ ወዲህ ያለው ገመድ ግን ገና አልተጠየቀም። ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው አንገቱ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ከውጭ ላስቲኩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሽቦው በጥቂት ክሮች ተንጠልጥሎ ይገኛል። ይህን ለማጣራት ከአንድ ጓደኛዬ ተመሳሳይ ቻርጀር ተዋስኩ። ከመሰካቴ በፊት ጽሑፉን አመሳከርኩ፦ 19.5 ቮልት፣ 3.33 አምፒር፣ 65 ዋት። ጫፉ ስለገባ ብቻ ማንኛውም ቻርጀር ይሆናል ማለት አይደለም፤ ቮልቱ የተለየ ከሆነ ደህናውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ከቻርጀሩ ጫፍ መሐል ያለችው ቀጭን መርፌ ቻርጀሩ ማን እንደሆነ ለማሽኑ የምትናገር ናት። እሷ ካልነካች ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም።

የጓደኛዬ ቻርጀርም ይይዛል፣ ይለቃል። ገመዱ ነፃ ወጣ። የቀረው ቻርጀሩ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፣ ወይም ከዚያ ወዲያ ያለው።

ሁለተኛው ጥገና ቤት ከደረጃ ሥር የተሸጎጠች አንዲት ጠረጴዛ ናት። ልጁ ከእኔ በ15 ዓመት ሳያንስ አይቀርም። ላፕቶፑን ሳይነካ ጠየቀኝ፦

«ጋሼ፣ ወዴት ሲያዘነብል ነው የሚይዘው?»

ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ወደ ግራ፣ ትንሽ ቀና ሲል። አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ሲሞቅ ይብስበታል» አልኩት።

«እንግዲያው ቦርዱን ለጊዜው እንተወው። ጃኩን እንየው።»

ከፈተው። በእኔ ላፕቶፕ ጃኩ በአጭር ገመድ ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ለብቻው የሚወልቅ ዕቃ ነው። (ቦርዱ ላይ የተበየደም አለ፤ ያኔ ብየዳው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሥራውም ዋጋውም ይከብዳል።) ውስጡ ቻርጀሩን ጨምድዳ የምትይዝ ስፕሪንግ መሰል ብረት አለች። ላልታለች፣ ጠርዟም ጠቁሯል። ብረቷ ስትላላ የምትነካው ቦታ ይጠባል፤ በጠባብ ቦታ ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ብረቷን ይበልጥ ያላላታል። በሽታው ራሱን የሚያሳድገው እንዲህ ነው። ጫፉ የሚግል፣ የሚሸት ወይም ብልጭታ የሚያሳይ ቻርጀር በካርቶን ተደግፎ ማደር የሌለበትም ለዚህ ነው፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አዲሱ ጃክ ከነእጅ ዋጋው የተጠየቅኩትን አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። ትርጉሙን በቀኑ አስረከብኩ።

ከዚህ ሁሉ የቀረኝ የልጁ ጥያቄ ነው። ዕቃ ተሸክመን ጥገና ቤት ስንሄድ የምናውቀው ቃል «አይሠራም» የሚል ነው። ነገር ግን አንካሳ ዕቃ ይዞ ወራት የኖረ ሰው ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ያውቃል፦ በየት በኩል እንደሚይዝ፣ መቼ እንደሚብስበት፣ ምን ሲነካው እንደሚለቅ። ያ ካርቶን፣ ያ መዝገበ ቃላት፣ የልጄ በጣት ጫፍ መራመድ ጭምር ምርመራ ነበሩ፤ የሚያነባቸው ሰው ነበር የጠፋው። አሁን ማንኛውንም ዕቃ ለጥገና ስወስድ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጽፌ ነው፦ መቼ ይሠራል፣ መቼ ያቆማል፣ እስካሁን ምን ምኑን ለይቼ አየሁ። ወረቀቱን ሳያነብ ዋጋ ለሚጠራ ሰው ዕቃውን አልሰጥም።