ከተሰጠኝ ፈቃድ ውጭ

ኡካ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ለማይችሉ ሰዎች ፌስቡክና ቴሌብር እከፍታለሁ። ጠረጴዛዬ ሥር ደብተር ነበረኝ፤ የከፈትኩላቸውን ሰዎች ስልክና የምስጢር ቁጥር የምጽፍበት። «ኢልመ ኮ (ልጄ)፣ እኔ እረሳዋለሁ፤ አንተ ያዝልኝ» እያሉ በራሳቸው አንደበት የሰጡኝ ነው።

ከነሱ አንዷ ልጃቸው አረብ አገር የምትሠራ እናት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ጎራ ይላሉ፤ ልጅቱ በፌስቡክ የጻፈችውን አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉትን እጽፍላቸዋለሁ። ፈቃዳቸው እስከዚህ ነበር።

አንድ ማታ ዝናቡ መንገዱን ጭር ሲያደርገው እሳቸው በሌሉበት በቁጥራቸው ገባሁ። ልጅቱ ጽፋለች፤ አሠሪዋ የአራት ወር ደመወዝ ከልክላታለች፣ እናቷም ለሰው እንዳይነግሩባት ትለምናለች። አንብቤ ስጨርስ መልእክቱን ያልተነበበ እንዲመስል መለስኩት። ቅዳሜ መጡ። ገና አሁን እንዳየ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላቸው። በመካከሉ ግን ለአንድ ወዳጄ አውርቼ ነበር።

ወሬው በሳምንቱ ገበያውን ሞላው። እናት ምስጢሩን ያካፈሉት ለአንዲት ጎረቤታቸው ብቻ ነበርና እሷን ጠረጠሩ። ስንት ዓመት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች በር ተዘጋጉ። «እህቴ ብዬ ነግሬያት» እያሉ ሱቄ ውስጥ አለቀሱ። ወንበር አቀረብኩላቸው። አፌን ግን አልከፈትኩም።

ባለፈው ክረምት አንድ የሕግ ተማሪ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን በፍላሽ ይዞ መጣ፣ ላትምለት። ወረቀቱ ትኩሱን ሲወጣ ዓይኔ አንቀጽ 3 ላይ አረፈ። ያለ ፈቃድ፣ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ፣ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት የገባ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል። የኮምፒዩተር ወንጀለኛ ሲባል ባንክ የሚሰብር ሰው ነበር የሚታየኝ። እኔ ምን ሰበርኩ? ቁልፉን በእጄ ሰጥተውኛል እል ነበር። «ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ» የሚለው ሐረግ ያችን መሸሸጊያዬን ወሰዳት። አንቀጽ 7 ደግሞ የምስጢር ቁጥርን በቸልተኝነት አሳልፎ የሰጠውንም ይቀጣል፤ ያን ደብተር ረዳቴ ልጅ እንደ ልቡ ሲገልጠው ኖሯል።

ነገሩ ትናንት የመጣም አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 ጀምሮ ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል ተደንግጎ ነበር። በውጭው ዓለምም በፈረንጆቹ 2001 የተፈረመው የቡዳፔስት ስምምነት የወንጀሎቹን ዝርዝር የሚጀምረው ያለ ፈቃድ በመግባት ነው።

ስለ አዋጁ ሲወራ የምሰማው ሰው በጻፈው ቃል ስለ መከሰሱ ነው። ተገቢ ክርክር ነው፤ እኔም መንግሥት መልእክቴን እንዳያይብኝ አጥብቄ እከራከር ነበር። መርማሪ እንኳ የሰው ግንኙነት ለመጥለፍ በመደበኛው አሠራር ፍርድ ቤት ማስፈቀድ አለበት። እኔ ያን ማታ ማንን አስፈቀድኩ?

ደብተሩን አቃጠልኩ። እያንዳንዱን ሰው እየጠራሁ ቁጥሩን ራሱ እንዲቀይር አደረግሁ፤ ሲጽፉ ፊቴን አዞርኩ። የቀረኝን ይዤ እናት ቤት ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተሳደቡም፣ ይቅር አላሉኝም። «ለእኔ የነገርከኝን ሂድና ለእሷ ንገራት» አሉኝ።

ጎረቤቲቱ ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ቡና ትለቅም ነበር። ቆሜ ነገርኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። እጇ ጥቁር ጥቁሩን ፍሬ እየለየ ወደ መሬት ይጥል ነበር፤ ስጨርስም መልቀሙን አልተወም።