የጣና ዳር ዕረፍትና አስጎብኚው

የእኛ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚሄድበት ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ወይ ለትምህርት፥ ወይ ለንግድ፥ ወይ ለዘመቻ፥ ወይ ለሙግት፥ ወይ ደግሞ ለመሳለም ይሄዳል። አንዳች ጉዳይ ሳይኖረው በውኃ ዳር ተቀምጦ ለመዋል ብቻ ገንዘቡን ከፍሎ የሚሄድ ሰው ግን እኔ ባደግሁበት አገር አልነበረም፤ ቢገኝም ጤንነቱ ያጠራጥር ነበር። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል እንዳለፈ፥ ከባሕር ማዶ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋራ የመጣችው የእኅቴ ልጅ፥ «ጋሼ፥ ከእኛ ጋራ ባሕር ዳር ወርደው አምስት ቀን ይረፉ» ባለችኝ ጊዜ፥ «ከምኑ ነው የማርፈው?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም ሳቀች እንጂ መልስ አልሰጠችኝም።

የምኖረው በአራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ ስፍራ ነው። በልጅነቴ ዋሸራ ቅኔ ስማር ቆይቼ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የፈጀብኝን መንገድ፥ አሁን አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። የዓባይ በረሃ ከበታቻችን ሲያልፍ የአውሮፕላኑ አገልጋይ ሻይ ትቀዳ ነበር፤ ሸለቆውን ቀና ብዬ ሳላየው አለፈ።

ያረፍንበት ሆቴል ከጣና ዳር ያለ ነው። ወንበሮች በዋርካ ጥላ ሥር ተደርድረዋል፤ ከደንገል በታሰሩ ታንኳዎች እንጨት የጫኑ ሰዎች ያልፋሉ፤ አፋቸው እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ ታላላቅ ነጫጭ ወፎች በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ታዘዝሁት ተቀመጥሁ። ከቀትር በኋላ ግን ዳዊቴን አወጣሁ፤ ሥራ የለመደ ሰው ዕረፍት ቢሰጡት ዕረፍቱንም ሥራ ያደርገዋል።

አስጎብኚው የተገናኘን በዚያ ቀን ማታ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆን፥ አንደበቱ የቀና፥ እንግሊዝኛውም የሚፈስ ሰው ነበር። አስጎብኚ የሚለው ስም መልካም ስም ነው። በእኛ ልማድ የሚጎበኘው በሽተኛና እስረኛ ነበር፤ ግእዙም ሐወጸ ሲል ለሌላው የሚያስብ ዓይንን ያመለክታል። አሁን የሚጎበኘው ድንጋይና ውኃ ሆኗል፤ ይሁንና ሰውየው በቃሉ ብዙ ነገር ሰጠን። በአንድ ቀን ክብራን ገብርኤልን፥ የዘጌን አድባራት፥ እነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል ያረፉበትን ዳጋ እስጢፋኖስን፥ ከዚያም አልፎ ናርጋ ሥላሴን ሊያሳየን ተስማማ። በማግሥቱ ደግሞ ጢስ ዓባይን አስቀደመ፤ በስልኩ ያሳየን ሥዕል ገደሉን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ውኃ ነበር። በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የምናውቀው ያ ፏፏቴ ነው።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በአቧራ ሄደን ስንደርስ ግን ገደሉ ነበረ፤ ውኃው እጅግ አንሶ በአንድ ወገን በቀጭኑ ይወርዳል። አስጎብኚው ሳያፍር፥ «ዛሬ ጥቂት ቀንሷል» አለ። የቀነሰው ዛሬ አልነበረም። ፏፏቴው የሚሞላው በክረምትና ክረምቱ እንዳለፈ ነው፤ በበጋ ያንሳል፤ በላዩም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወንዙን ለመብራት ኃይል ሲካፈሉት ኖረዋል። ይህን ማታ ቢነግረን ምን ይጎዳው ነበር? የአንድ ቀን ክፍያ ይቀርበት ነበር። እንደ ተመለስንም ልጆቹን፥ «ውኃው ንጹሕ ነው፥ ይዋኙ» አላቸው። የእኅቴ ልጅ ባል ሐኪም ስለ ሆነ ልብሳቸውን ሲያወልቁ ደርሶ ከለከላቸው። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ፤ ከትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ትል በቆዳ ይገባል። በዚህ ጊዜ ልቤ በሰውየው ላይ ጨክኖ ነበር፤ ይህንንም አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ያደረግሁት ሁሉ ከዚህ የተነሣ ስለ ሆነ ነው።

በሦስተኛው ቀን በጀልባ ወጣን። ሁለት ሽማግሌ ጀርመኖች፥ ባልና ሚስት፥ አብረውን ተሳፈሩ። ክብራን ስንደርስ ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑ በዚያች ሰዓት ተነገረ፤ የእኅቴ ልጅ ከሴት ልጇና ከጀርመናዊቱ ጋራ በፀሐይ ጀልባ ላይ ቀረች። ስንመለስ፥ «ጋሼ፥ እርስዎስ አያውቁም ነበር?» ብትለኝ፥ «የሚያውቀውማ እርሱ ነው፤ የተከፈለው እርሱ ነው» አልኋት። ዳጋና ናርጋም እንደማይደረስባቸው ያን ጊዜ ታወቀ፤ በዚያች ጀልባ ለዳጋ ብቻ ደርሶ መልስ ቀኑ አይበቃም።

ዘጌ ግን ዘጌ ነው። ከጀልባው ወርደን በቡናው ደን ውስጥ ለውስጥ ስንወጣ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ዘጌ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በሬ ጠምዶ የማይታረስበት አገር እንደ ሆነ፥ ሕዝቡም በቡናና በጌሾ እንደሚኖር በመልካም አነጋገር ተረከ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች ሲያሳይ፥ ደጋጎቹ በሁለት ዓይን፥ ክፉዎቹ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ለልጆቹ ነገራቸው። ልጆቹም ግድግዳውን እየዞሩ ክፉዎቹን መቁጠር ጀመሩ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሥዕል ፊት ስቆም ኖሬ ይህን አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ከበላኤ ሰብእ ሥዕል ፊት የደረስነው። ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ታሪኩን መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፥ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ፥ ያች ጥርኝ ውኃ በሚዛን ሰባ ስምንቱን ነፍስ እንደ መዘነችለት ሁላችን እናውቃለን። አስጎብኚው ግን ለጀርመኖቹ በእንግሊዝኛ፥ «ይህ ደግ ገበሬ ለታመመ ሰው ውኃ ይሰጣል፤ ስለ ደግነቱም ገነት ገባ» አላቸው። ጥቂት እንግሊዝኛ እሰማለሁና ጆሮዬ አላመለጠውም።

«ሰባ ስምንቱን የት ጣልሃቸው?» አልሁት፥ በታላቅ ድምፅ። በቤተ መቅደሱ ቅጥር ውስጥ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። ሰውየው ዝም አለ። ጀርመናዊው ምን እንደ ተባለ ጠየቀ፤ የእኅቴ ልጅ ወንድ ልጅ፥ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፥ ቀና ብሎ በአንዲት ቃል ተረጐመለት፤ «ውሸት ነው ይላሉ» አለ። ከዚያ ወዲያ አስጎብኚው የተናገረውን ማንም አላደመጠም። ሁለት ዓይን ያላቸውንም አንድ ዓይን ያላቸውንም ሥዕሎች በዝምታ አለፍናቸው። ማታ ከወደቡ ስንወርድ ባልና ሚስቱ በትሕትና እጅ ነሥተው ሄዱ፤ በእጁ ግን ምንም አላኖሩለትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከዋርካው ሥር ተቀምጬ ሳለሁ መጣ። ቁጣ ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር።

«የኔታ» አለኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አባባ ነበር የሚለኝ። «እኔም ተማሪ ነበርሁ። ጉባኤ ቃናውንና ዘአምላኪየውን አልፌ ሚበዝኁ ደርሼ ነበር። አባቴ ሲሞት ትቼ ወጣሁ።»

«ታዲያ በላኤ ሰብእን አታውቀውምን?»

«እንዴት አላውቀውም! በፊት እንደ ተጻፈው ነበር የምነግራቸው። ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ዳነ ስላቸው አንዳንዱ ይሥቃል፤ አንዳንዱ ይቆጣል፤ የተበሉትስ ሰዎች ይለኛል። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ባለ ጀልባው ይጮኻል። ስለዚህ ተውኋቸው።»

«ልትተዋቸው የአንተ አይደሉም» አልሁት።

«እውነት ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶም፥ «ግን የኔታ፥ ከጆሮዬ አጠገብ ቆመው ነበር» አለኝ። የስልኩን ቁጥር በወረቀት ጽፎ፥ የሚያውቁት እንግዳ ቢመጣ ይላኩልኝ ብሎ ሰጠኝና ሄደ። እኔም ወረቀቱን በዳዊቴ ውስጥ አኖርሁት፤ ልልክለት ግን በልቤ አልነበረም። በዚያች ሌሊት ያሰብሁት፥ የቀጣሁት ለእውነት ብዬ መሆኑን ነበር። ቤቱ የምሕረት ቃል ኪዳን ቤት መሆኑ ትዝ ያለኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ተመልሰን በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ይዤ ወጣሁ። ይህን እኔ ለብዙ ዓመት ሳደርገው የኖርሁት ነው፤ ከጎጃምም ከውጭ አገርም የመጣ ዘመድ፥ የዘመድም ዘመድ፥ የሚሰጠው ለእኔ ነው። ሁለት ሌሎች ሰዎችም ሲሰሙ ቀርበው ቆሙ። እንደ ልማዴ ጀመርሁ፤ ቤቱ ስምንት ማዕዘን መሆኑን፥ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ለተገኘው ድል መታሰቢያ ዳግማዊ ምኒልክ እንዳሠሩት፥ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚሁ እንደ ነገሡ፥ ፋሽስቶች በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12ቱ እልቂት ጊዜ እንዳቃጠሉት፥ ጠላት ከወጣም በኋላ እንደ ታደሰ። ቃሉ ከአፌ እንደ ዜማ ይወጣል።

ልጁ ስልኩን ሲያይ ቆይቶ፥ «አባባ፥ ጣልያኑስ?» አለኝ።

«የትኛው ጣልያን?»

«የሠራው።»

ፊቴ ጋለ። ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባለው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ስሙ ከዚህ ሕንፃ ጋራ መጠራቱን፥ የአድዋም ምርኮኞች እጅ አለበት መባሉን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መጀመሪያ እናገረው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው፥ ለድል የቆመ ቤት በድል በተነሣው እጅ ተሠራ ትላለህን ብሎ ተቆጣኝ፤ ሌላው ደግሞ ክብሩ እርሱ ነው እንጂ ብሎ ተነሣበት፤ ነገሩ በጭቅጭቅ አደረ። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ተውሁት። መቼ እንደ ተውሁት እንኳ አላስታውስም። ጣልያን አቃጠለው ስል ሰሚው ሁሉ ይስማማ ነበር፤ ጣልያን ነደፈው ማለት ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ቁልቁል የምንወርድበትን ሰፈር ፒያሳ ብለን ስንጠራ የምንናገረው የጣልያንን ቃል ነው፤ ለዚህ ግን ማንም አይቆጣም።

ለልጁ፥ «ረስቼው ነው» አልሁት። ይህም ሁለተኛ ውሸት ነበር። እርሱ ግን እንደ እኔ አልጮኸም፤ ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ እጄን ያዘኝ።

ይህን አሁን የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ የአድዋ ድል መታሰቢያ ታላቁ ሕንፃ በፒያሳ ተመርቆ ቆሟል፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፋ። ጥሩ ነው የሚልም አለ፥ የሚያለቅስም አለ፤ እኔ በየቀኑ ሁለቱንም እሆናለሁ። ነገር ግን ቤቶቹ በቆሙበት ዘመን እኔ ብሳሳት ግድግዳው ይመሰክርብኝ ነበር። የጣልያኑን፥ የአርመኑን፥ የግሪኩንና የህንዱን ሱቅ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያሳይ ደጅ ነበረ። አሁን እዚህ ምን ነበረ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የሚቀበለው የአስጎብኚውን ቃል ነው፤ አስጎብኚውም የድካሙን ያህል ያሳጥረዋል።

ባለፈው ወር ከሐረር የመጡ ዘመዶች ነበሩኝ። በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ ታሪኩን ስነግራቸው ካስታኛን ከነስሙ አስገባሁት። ከሰሚዎቹ አንዱ፥ አርበኛ አባት የነበራቸው ሽማግሌ፥ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ፤ ሌላው መለሰላቸው፤ አንድ ዲያቆን ገባበት። ሰዓቴን አየሁት፤ ግማሽ ሰዓት ሞልቶ አለፈ።

ማታ ዳዊቴን ገልጬ ያችን ወረቀት አወጣሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ አገር ውጊያ ስለ ተነሣ ወደ ጣና የሚወርደው እንግዳ አንሷል፤ በእንግዳ ይኖር የነበረ ሰው በምን እንደሚኖር አሰብሁ። ሦስት ጊዜ ደወልሁ፤ የሚያነሣ የለም። በማግሥቱ ደግሜ ብደውል አንዲት ሴት አነሣች። ቁጥሩን ከያዘችው ሁለት ዓመት እንደ ሆናት፥ ስለ ቀድሞው ባለቤት የምታውቀው እንደ ሌለ ነገረችኝና፥ «ምን ነበር ጉዳይዎ?» ብላ ጠየቀችኝ።