የስም ካርድና ወረቀቱ

በአፍ የተጠራ ስም ቢሳሳት ወዲያው ይታረማል፤ በወረቀት ላይ የሰፈረ ስም ግን ባለቤቱ በሌለበት ቦታ ብቻውን ይናገራል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተሰናበቱ አንድ መምህር ይህን የተረዱት በአዲስ አበባ ከሚገኙት አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የመጀመሪያውን የስም ካርዳቸውን ሊያሳትሙ በሄዱ ዕለት ነው።

ንድፉን ያዘጋጁት ራሳቸው ነበሩ። ርዝመቷ 85፣ ወርዷ 55 ሚሊ ሜትር በሆነች ቁራጭ ላይ ስማቸውን፣ ከሥሩም «የቀድሞ» እያለ የሚጀምር የሦስት መስመር ማዕረግ ደርድረዋል፤ ርእሰ መምህርነቱ፣ የዐውደ ርእይ ዳኝነቱ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢነቱ ሳይቀር። ጡረታ ማዕረግን እንጂ ማዕረግ መውደድን አይወስድምና አይፈረድባቸውም።

የመጀመሪያው ናሙና የታተመው በካሬ ሜትር 350 ግራም በሚመዝን አንጸባራቂ አርት ካርድ ላይ ነበር። ቀለሙ ከላይ ስለሚቀር ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ነገር ግን መምህሩ በጀርባው ጥቂት ቃላት ቢጽፉ የብዕሩ ቀለም ሳይደርቅ በአውራ ጣታቸው ተጠረገ። ለተማሪ የመጽሐፍ ርእስ ወይም የቀጠሮ ሰዓት የማይጻፍበት ካርድ ለእሳቸው ምን ይረባል? ስለዚህ ሸካራውንና የማያብረቀርቀውን መረጡ። ይህ ለእጅ ደስ ይላል፤ ብዕርም ይቀበላል። ዳሩ ግን የማተሚያውንም ቀለም መጥጦ ዙሪያውን ያሰፋዋል።

ጉዳቱን ያስተዋሉት መምህሩ ሳይሆኑ፣ በእርሳስ ፊደል ዘመን በፊደል ለቃሚነት ሥራ የጀመሩ አንድ አዛውንት ሠራተኛ ናቸው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 መልክ ይሆናሉ፤ ለቃሚ ሁሉንም በዓይኑም በጣቱም ለይቶ ማወቅ ነበረበት። የአዛውንቱ ዓይን ያረፈው በመምህሩ አባት ስም ላይ ነው። ስሙ በ«ቤ» ይጀምራል። «ቤ»ን ከ«ቢ» የምትለያት በቀኝ እግሯ ሥር ያለችው ቀለበት ናት፤ እርሷም ቀለም ሞልቷት ተደፍናለች።

«መምህር፣ አባትዎ እኮ ሌላ ሰው ሆነዋል» አሉ አዛውንቱ።

መፍትሔው ፊደሉን ማተለቅ፣ ወረቀቱንም የማያብረቀርቅ ሆኖ ልስልስ በሆነው መለወጥ ነበር። ለትልቅ ፊደል የሚሆን ቦታ ግን የሚገኘው ከማዕረጉ ላይ ብቻ ነው። በኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት የአባትን ስም በአንዲት ፊደልና በነጥብ ማሳጠር እንደሚቻል ቢጠቁም፣ መምህሩ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢነት ተሰረዘ። ቀጥሎ ዳኝነቱ። ርእሰ መምህርነቱ ዘንድ ሲደርሱ ብዕራቸው ለረዥም ጊዜ በአየር ላይ ቆየ፤ በመጨረሻም «የቀድሞ» ከሚለው ቃል ጋር በአንድ መስመር ሰረዙት። በቦታው «ሠዓሊና መምህር» ብለው ጻፉ።

ሦስተኛው ናሙና ሲወጣ አዛውንቱ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ቀለበቷን መረመሩ። ክፍት ናት። መቶው ካርድ ይታተም ዘንድ ለወጣቱ ምልክት ሰጥተው ናሙናውን በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት።