ያልነበረ ብርሃን

ፎቶው ላይ የምታዩት ነገር ከቧንቧ ሠራተኛ ሳጥን የወጣ ቁራጭ አይደለም። ቢሆንም አላፍርበትም ነበር፤ ለምን እንደማላፍር ትንሽ ታግሣችሁ ካነበባችሁ ይገባችኋል። ይህ የሉክ ስካይዎከር የብርሃን ሰይፍ ነው። ማለቴ የሱ አምሳያ። ማለቴ በ35 ዶላር ተገዝቶ እስካሁን 200 ዶላር ገደማ የበላ አምሳያ። ይህን ሂሳብ ባለቤቴ እንዳታነበው ጸልዩልኝ።

ነገሩ የጀመረው እዚህ ቨርጂኒያ በረዶ በጣለ ሰሞን ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከልጄ ጋር ቤት ስንውል የድሮዎቹን ስታር ዋርስ ፊልሞች በተራ አየናቸው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስተኛውን እንደጨረስን ሰይፍ ግዛልኝ አለች፤ እኔም ርካሹን ፈልጌ አዘዝኩ። ሲመጣ መያዣው ውስጥ አንዲት ኤልኢዲ አለች፣ ብርሃኗ ወደ ላይ ሲወጣ እየደከመ ይሄድና ጫፉ ጋ ሲደርስ የለም። ድምፁ ደግሞ ጆሮ ሥር የገባች ትንኝ ነው። ልጄ ሁለት ጊዜ ወዘወዘችውና "አባዬ፣ ይሄ እኮ ከግማሽ በላይ አይበራም" ብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

በወጣትነቴ ሁለት ዓመት መርካቶ አንድ ሬዲዮ መጠገኛ ቤት ውስጥ አሳልፌያለሁ። አለቃዬ የማይበራ ነገር ሲመጣለት መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ ከዚያ ካችቢቴውን ያነሳል። እኔም ያን ማታ ካችቢቴ አነሳሁ።

ከመክፈቴ በፊት ግን ዋናው ምን እንደሚመስል ልወቅ ብዬ ፍለጋ ገባሁ፤ እዚያው ቀረሁ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ አገር ኤልስትሪ ስቱዲዮ ሲቀረጽ በጀቱ ጠባብ ነበር። ዕቃ የማሰናዳቱ ሥራ የነበረበት ሮጀር ክርስቲያን ለሉክ ሰይፍ የሚሆን ነገር አጥቶ ሲንከራተት፣ ለንደን ውስጥ አንድ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ገባና አቧራ የጠጣ ሳጥን ውስጥ ግራፍሌክስ የሚባለውን የፍላሽ መያዣ አገኘ። ግራፍሌክስ የኒውዮርክ ግዛቷ የሮቸስተር ከተማ ኩባንያ ነበር፤ የድሮ ጋዜጠኞች በእጃቸው የሚይዙትን ያን ትልቅ ስፒድ ግራፊክ ካሜራ የሠራ። መያዣው ሦስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይውጣል፣ አናቱ ላይ አምፖልና አንጸባራቂ ሳህን ይደረግበታል፣ ቀይ ቁልፍ አለው። አምፖሉ አንዴ ቦግ ብሎ ይቃጠልና ይጣላል።

ክርስቲያን ሳህኑን ነቀለ። ለቁም ሳጥን የሚያገለግል የፕላስቲክ ጠርዝ ቆራርጦ መጨበጫው ላይ በሱፐር ግሉ ለጠፈ። መሐሉ ያለው ማቀፊያ ባዶ መሰለውና ከአንድ የሒሳብ ማሽን ላይ ቁጥር የሚያጎላውን ፊኛ መሳይ ነገር አውጥቶ ሻጠበት። ከታች ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠልበት ቀለበት። አለቀ። የሉክ አስተማሪ የኦቢ ዋን ሰይፍ ከዚህም ይብሳል፤ አንዱ ክፍሉ የሮልስ ሮይስ ጄት ሞተር ቧንቧ፣ አንዱ የእንግሊዝ የጠመንጃ ቦንብ፣ ታችኛው ጫፉ ደግሞ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ መዝጊያ ነው። አዎ፣ ውሃ የምንከፍትበት እጀታ። መግቢያዬ ላይ ቧንቧ ያልኩት ለዚህ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አይደንቀውም፤ እዚያ በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ነው የሚወጣው። ልዩነቱ የነክርስቲያን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1978 ኦስካር መሸለሙ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሰይፍ አይበራም ነበር። ብርሃኑ የተባለው የእንጨት ዘንግ ነው፤ የመንገድ ምልክት ላይ እንደምናየው ዓይነት መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ልባስ ለብሶ፣ አንዳንዱ በእጅጌ ውስጥ ባለፈ ሽቦ በሞተር እየተሽከረከረ። ዘንጎቹ ሲማቱ ይሰበሩ ነበር። ሰማያዊና ቀይ ሆኖ ያየነው ቀለም በኋላ ፊልሙ ላይ እያንዳንዷ ምስል በሥዕል ተሠርታ የመጣ ነው። ድምፁም አብሮት አልነበረም። ቤን በርት የሚባለው የድምፅ ባለሙያ የፊልም ማሳያ ማሽን ሞተር ሲያንጎራጉር ሰምቶ ያዘው፤ ከዚያ ሽቦው የተበላሸ ማይክራፎን ይዞ በቴሌቪዥን አጠገብ ሲያልፍ ዝዝዝ የሚል ነገር ገባበት፣ ያንንም ጨመረው።

ታዲያ እኔ "ከዋናው ጋር ይመሳሰል" ብዬ ስለፋ የትኛውን ዋና ነው የማመሳስለው? የሚያበራና የሚጮህ ሰይፍ በአንድ ሰው እጅ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተይዞ አያውቅም ነበር። መያዣው ኤልስትሪ፣ ቀለሙ ሠዓሊዎቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ድምፁ ቴፕ ላይ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የጥንቱን የግራፍሌክስ መያዣ በውድ ዋጋ ይሻሙበታል፣ የሒሳብ ማሽኑ ፊኛ ስንት ጉብታ እንዳለው ይከራከራሉ። አልነቅፋቸውም፣ እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ ያንኑ ስቆጥር አድሬያለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ልቤ ቀለል አለው። የሚጣስ ሕግ የለም።

አሁን ወደ ሆድ ዕቃው። የድሮዋን ኤልኢዲ አውጥቼ ዘንጉ ውስጥ ሁለት የኤልኢዲ ጥብጣብ ጀርባ ለጀርባ አጣብቄ ላስገባ ወሰንኩ። አንድ ሜትር ላይ 144 ነጥብ ያለው ዓይነት ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ ትታዘዛለች፣ ስለዚህ ሰይፉ ሲከፈት ብርሃኑ ከእጅ ተነስቶ ወደ ጫፍ ይሮጣል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። ዘንጉ የፖሊካርቦኔት ቱቦ ነው፣ ርዝመቱ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከሥር አንዲት 18650 የምትባል ሊቲየም ባትሪ፣ መንቀሳቀሱን የሚያውቅ ትንሽ ቦርድ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሚሞሪ ካርድ።

የመጀመሪያውን ቦርድ በ60 ዶላር ገዝቼ ዕድሜው አራት ደቂቃ ሆነ። ባትሪዋን ገልብጬ አስገባሁ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የምከሰው ሰው የለኝም። ጢስ እንኳ በቅጡ አልታየም፤ ሽታው ግን መጣ። ያ ሽታ ሃያ አምስት ዓመት ወደ ኋላ መልሶ መርካቶ ጣለኝ፤ አለቃዬ ከጓዳ ሆኖ "ምን ገደልክ?" ሲል ሰማሁት ልበል።

ሁለተኛው ቦርድ ሲመጣ ባትሪ ሳይገባ በፊት እያንዳንዱን መስመር በቴስተር ለካሁ። በራ! ልጄ ጮኸች። ከዚያ ነጭ አድርገው አለች፤ ነጭ ሳደርገው ቦግ ብሎ ጠፋ። እንደገና፣ ቦግ፣ ጠፋ። ልክ እንደ ግራፍሌክሱ አምፖል። ግማሽ ቀን ብየዳዬን ስወነጅል ከዋልኩ በኋላ እርሳስ አንስቼ ደመርኩ። ሁለቱ ጥብጣቦች ላይ ወደ 234 ነጥብ አለ። በእያንዳንዷ ነጥብ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አሉ፤ ሦስቱም ሙሉ ሲበሩ 60 ሚሊ አምፔር ይጠጣሉ። ሲባዛ 14 አምፔር! ያቺ ከአሮጌ ላፕቶፕ የፈታኋት ምስኪን ባትሪ ይህን ልትሰጥ ስትሞክር ጉልበቷ ይከዳታል፣ ቦርዱም መብራት የጠፋ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ብየዳዬ ንጹሕ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቅኩት። የሚችል ባትሪ ገዛሁ፣ ኃይል የሚያመላልሱትን ሽቦዎች አወፈርኩ፣ ብርሃኑንም ትንሽ አወረድኩ። (የምትሞክሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምን፦ ሊቲየም ባትሪ ላይ በቀጥታ አትበይዱ። ሙቀት አይወድም፣ ሲቆጣም እንደ ቦርዱ በሽታ ብቻ አያልፍም።)

የቀለሙን ነገር ልጄ ፈታችው። ተዋናዩ ሳሙኤል ጃክሰን ሰይፌ ሐምራዊ ይሁንልኝ ብሎ ሐምራዊ እንዳገኘ ስነግራት "እንግዲያው እኔ አደይ አበባ" አለች። ቢጫ። ቢጫ ማለት ቀይና አረንጓዴ ሲበሩ ሰማያዊው ተኝቶ ማለት ነው፤ ሲሶው ወጪ ቀረልኝ። ምክንያቱን አልነገርኳትም፣ አንቺ እንዳልሽ ይሁን ብዬ ውለታ አስቆጠርኩ።

መያዣው ላይ ብዙ ቀን ቆየሁ። ከሳጥን ሲወጣ እንደ ሆቴል ማንኪያ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ነበር፤ ጦርነት ያየ ዕቃ አይመስልም። ሞርሳ ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩትና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ መጀመሪያ በ400፣ ከዚያ በ600። ከዚያ ጥቁር ቀለም በውሃ አቅጥኜ ሙሉውን ቀባሁና ሳይደርቅ በጨርቅ ጠረግኩት። ቆንጆ መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ላሳይ ብዬ አቆምኩት።

እናቴ ከእኛ ጋር ናት በዚህ ዓመት። ቡናዋን ይዛ መጣች፣ ቆም ብላ አየችው።

"ዱላ ነው?"

"ሰይፍ ነው እማዬ።"

"ያረጀ ነው ያልከኝ?"

"እንዲያረጅ እያደረግኩት ነው።"

ሲኒዋን አስቀምጣ አነሳችው፣ በቀኝ እጇ ጨበጠችው፣ ለቀቀችው፣ መልሳ ጨበጠችው። "ውሸት ነው" አለች። "እጅ የሚይዘው ቦታ ይወለውላል እንጂ አይጠቁርም። የአባቴ ሽመል መሐሉ መስታወት ነበር፤ ቅቤ እየቀባ እሳት ዳር እያሞቀ፣ በዚያ ላይ የሃምሳ ዓመት እጅ። እድፉ የሚቀመጠው እጅ የማይገባበት ነው። ይሄ፣ ይሄ፣ ይሄ።" በጥፍሯ የፕላስቲኩን ሥር፣ የማቀፊያውን ጥግ፣ የቁልፉን ዙሪያ ነካች። "አውራ ጣትህስ የት ያርፋል? እዚህ አይደለም? እዚህ ላይ ቀለሙ ይለቅ።"

እኔ ለሳምንት የሌሎችን ሥራ በቪዲዮ ሳይ ከርሜ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቀለሙን በሙሉ አጥቤ እንደገና ጀመርኩ፤ ግን አሁን ልጄን መያዣውን አስይዤ፣ ጣቶቿ ያረፉበትን በጠመኔ ምልክት አድርጌ። የሷ እጅ ትንሽ ነው፣ ከሉክ እጅ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ይይዛል። ስለዚህ የተወለወለው ቦታ ከፊልሙ ይለያል። ፎቶው ላይ አጉሉት፣ ከቀይዋ ቁልፍ ሥር የአውራ ጣቷን ታገኙታላችሁ።

የቀረው ድምፁ ነው። ቦርዱ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለውን ማንኛውንም የድምፅ ፋይል ይጫወታል፤ አንድ ለማንጎራጎሩ፣ አንድ ለመክፈቻው፣ ጥቂት ለመማታቱ። የተዘጋጀ ሞልቷል። እኛ ግን ቤን በርት ያደረገውን እናድርግ ተባባልን። ለማንጎራጎሪያው ስልኬን ከፍሪጃችን ጀርባ ወለል ላይ አስተኛሁት፤ ሞተሩ ሲነሳ የሚያወጣው ድምፅ ዕድሜ ለርካሽ ፍሪጅ እጅግ ግሩም ነው። በርት ሰይፉ ሲወዛወዝ ያለውን ድምፅ ያገኘው ያንን ጉርምርምታ በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ፊት ለፊቱ ማይክራፎን በማወዛወዝ ነው፤ ማይኩ ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። ልጄ ስልኩን ይዛ ማጉያው ፊት እንደ እስክስታ ወራጅ ስትወዛወዝ እኔ ሳቄ እንዳይገባ አፌን በትራስ ይዤ ነበር። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተገኘ። በቅጡ ሲሰማ ሳቄም ከኋላ በትንሹ አለ።

ለመማታቱ ግን ምንም አልሆን አለን። ማንኪያ በድስት ክዳን መታን፣ መጥበሻ በቢላዋ፤ ሁሉም ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይላል። በመጨረሻ ልጄ የእናቴን የብረት ሙቀጫ ከመደርደሪያ አወረደች። ዘነዘናውን አንዴ ባዶው ላይ ስትለቀው የወጣው ድምፅ፣ ጅራቱ የሚረዝም ዓይነት፣ ሁለታችንንም አስደነገጠን። አራት ዓይነት ቀዳን፦ ባዶውን፣ ጠርዙን፣ ጥቂት ቡና ያለበትን፣ በጨርቅ የታፈነውን።

ባለፈው ዓርብ ከሥራ አምሽቼ ስገባ ልጄ መኝታ ቤቷ ውስጥ በጨለማ ከትራስ ጋር ትዋጋለች፤ በበሩ ሥር የአደይ ብርሃን ይመጣል፣ ይሄዳል። ኮቴን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ፍሪጃችንን ሰማሁት፣ ሲወዛወዝ። ከዚያ ምት፣ እንደገና ምት። በሌላኛው ክፍል አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ፦

"ማነው በዚህ ሰዓት የሚወቅጠው?"